እጅ ወደ ኋላ

እዚያ ሆስፒታል ገብታችሁ «ክሬኗ የት ናት?» ብትሉ፣ በር ላይ የሚፈትሸው ጥበቃ ሳይቀር በአገጩ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ይጠቁማችኋል። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው፤ እሱም ሲጠራው ይደናቀፋል። ቅጽል ስሙን ያወጡላት የጽዳት ሠራተኞቹ ናቸው። ሁለት ወንድ ተጋግዞ የማያነቃንቀውን ታማሚ ብቻዋን ከተሽከርካሪ ወንበር ወደ አልጋ የምታሻግር፣ ትከሻዋ እንደ በር የሰፋ ሴት ሌላ ምን ትባል?

በወረቀት ላይ ሥራዋ ረዳት ነው፤ ፎጣ ማቅረብ፣ አልጋ ማዘጋጀት፣ ሰው ማንሳትና ማስቀመጥ። በተግባር ግን ክፍሉ ያለው አንድ ባለሙያ ነው፣ ታማሚው ደግሞ ኮሪደሩን ሞልቶ ደረጃው ላይ ይቀመጣል። ባለሙያው አንዱን ሲያይ ሌላው እንዳይቀዘቅዝ ክሬኗ ታራምዳለች። ማን ፈቀደልሽ ያላት የለም፤ ማንም እንዳይጠይቅ ሁሉም ተስማምቷል።

የማራመድ ዘዴዋም የራሷ ነበር። ስትሮክ ግማሽ ጎኑን ያሰነፈበትን ሰው ጎን ለጎን በተተከሉት ሁለት ብረቶች መሀል ታቆመዋለች። ከዚያ ከብረቶቹ ጫፍ ፊት ለፊቱ ትቆምና ሁለት እጆቿን ዘርግታ «ልቀቁ! አለሁ!» ትላለች። ሰውየው እያመነታ ብረቱን ይለቃል፣ ግማሽ ተራምዶ ግማሽ ወድቆ ወደ እሷ ይመጣል፣ እሷም እቅፍ አድርጋ ትቀበለዋለች። መራመድ ነው መውደቅ ብላችሁ ብትጠይቁኝ እኔም መልሱ የለኝም። ብቻ በዚያ መንገድ ብዙ ሰው በእግሩ ወጥቷል። የጽዳት ሠራተኞቹ ባልዲ ሲቀባበሉ እንኳ «ልቀቂ፣ አለሁ!» እየተባባሉ ይስቁባት ነበር፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

ከሁሉም በላይ ይህ «አለሁ» የገባቸው ጋሽ ሹፌር ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ በወጡ ማግስት ግራ ጎናቸው የሰነፈባቸው ሰው ናቸው። መጀመሪያ ሲመጡ ለሰው ጀርባ ሰጥተው ግድግዳ ነበር የሚያዩት። እሷ ናት ያስነሳቻቸው። ውለው አድረው አፋቸው ተፈታና እግራቸውን ልክ እንደ አሮጌ መኪና መሳደብ ጀመሩ። «ይኸው፣ ሁለተኛ ማርሽ አልገባም አለ!» ይላሉ፤ ደግሞ «ረዳቴ፣ ከኋላ ሰው አለ እንዴ? ወደ ኋላ ልሄድ ነው!» ይላሉ። ሹፌር ያለ ረዳት አይንቀሳቀስምና «ረዳቴ» ብለዋት ቀሩ። ብረቱን ሲለቁ ቀኝ እጃቸው መጥቶ የእጅ አንጓዋን ጥርቅም አድርጎ ይይዝ ነበር። ቤት ስትገባ የጣቶቻቸው ምልክት ቆዳዋ ላይ ይታያል።

እንግዲህ ሰው ስታነሳ የኖረችው ሴት ወደ አርባው ስትጠጋ ወገቧ አመፀ። ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ ራሷን የሚያነሳላት ሌላ ክሬን ያስፈልጋት ጀመር። በዚያ ላይ የሆድ ብሶት ነበር። በየጊዜው አዲስ ባለሙያ ተመርቆ ይመጣል፤ እሷ የፎጣው ቁም ሣጥን ቁልፍ የት እንደሚንጠለጠል ታሳየዋለች፤ ሳምንት ሳይሞላው «አንሺው»፣ «አውርጂው» ይላታል። ልጆቹ ክፉ አልነበሩም። የሚያውቁትን ስለማታውቀው ነው የሚቆጫት። ሰውየው ለምን በዚህ በኩል እንደሚነሳ፣ ለምን ዛሬ እንደማይነሳ መናገር የምትችል ሰው መሆን ፈለገች። በማታ ትምህርት በባዮሎጂ የያዘችውን ዲግሪ ከሻንጣ አውጥታ፣ ዩኒቨርሲቲው ለፊዚዮቴራፒ ድህረ ምረቃ የሚጠይቀውን መስፈርት ይዛ ታላቅ እህቷ ፀጉር ቤት ሄደች።

ታላቅ እህቷ የደንበኛ ፀጉር እየጠቀለለች በአንድ ዓይኗ አነበበችው። የመጀመሪያ ዲግሪ። የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የሥነ አካልና የስታቲስቲክስ ኮርሶች፣ ያውም ከተወሰዱ ብዙ ዓመት ያልሞላቸው። ፈቃድ ካለው ፊዚዮቴራፒስት የድጋፍ ደብዳቤ። ደመወዝ ከሚከፈልበት ቦታ ውጪ፣ በሌላ ተቋም ባለሙያ ሲያክም ቆሞ የማየት የምልከታ ሰዓት። መጨረሻ ላይ ቃለ መጠይቅ።

«ኧረ ሙሽራም ይህን ያህል አትመረመርም!» አለች እህቷ። «ደግሞ ይሄ ምልከታ ምንድነው? ዕድሜሽን ሙሉ ስታይ አይደል እንዴ የኖርሽው?»

«ያ አይቆጠርም፣ እቴ። ሲከፈልሽ ያየሽው ምልከታ አይደለም ነው የሚሉት።»

«ሳይከፈልሽ ስታዪ ዓይንሽ ይጠራል ማለት ነው?»

ፀጉሯን የምትሠራው ሴትዮ ሳትቀር ሳቀች። ክሬኗ ግን አልሳቀችም። ጭንቀቷ ፊዚክሱ ነበር። ከኮርሶቹ ሁሉ መጀመሪያ የወሰደችው እሱን ነው፤ ኮርሱ የሚያገለግልበት የዓመት ገደብ ሊያልፍ አፋፍ ላይ ደርሷል። ዘንድሮ ካልገባች ፊዚክሱን እንደገና መማር አለባት፤ እሱን ስታድስ ኬሚስትሪው ይሻግታል፣ ያንን ስታድስ ሌላው። ወገቧ ደግሞ የሚጠብቃት አይመስልም። ዘንድሮ ወይም በጭራሽ፣ ነገሩ ይኸው ነበር። የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር መስኮት ጋ ሄዳ የገደቡን ነገር ጠየቀች። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ እስክሪብቶዋን እያኘከች «ስታመለክቺ ካላለፈ ችግር የለውም» አለቻት። «እርግጠኛ ነሽ፣ እህቴ?» ስትላት «ችግር የለውም አልኩሽ እኮ» አለች። መቼም «ችግር የለውም» የሚለው ቃል ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ ቆጥሮ የጨረሰ የለም።

የዓመት ፈቃዷን አውጥታ ለምልከታ የገባችው አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ወለሉ የሚያበራ፣ ፎጣው በቀለም የተለየ፣ ታማሚው በቀጠሮ የሚገባ ቤት። ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት፤ ሥራዋ ላይ ቀልድ አታውቅም፤ ጎበዝ ነበረች። መጀመሪያ ቀን አንዲት አሮጊት ከወንበር ሲነሱ ተንገዳገዱ፤ ክሬኗ ሳታስበው ሄዳ በብብታቸው ይዛ ብድግ አደረገቻቸው። ባለሙያዋ አልጮኸችም። ታማሚዋን ካስቀመጠች በኋላ ወደ ጎን ወስዳት፣ የሰነፈ ትከሻ በብብት ተይዞ ከተጎተተ ከመጋጠሚያው እንደሚወጣ በእጇ እያሳየች አስረዳቻት። ክሬኗ ፊቷ ቀላ። በዚያ አያያዝ ስንቱን አንስታ እንደነበር ትዝ አላት፤ «ትከሻዬን» እያሉ ሲያቃስቱ «በሽታው ነው፣ ይለቅዎታል» ትላቸው የነበሩት ሁሉ ዓይኗ ፊት ተደረደሩ።

የክሊኒኩ ኃላፊ ጠርቶ ያስጠነቀቃት ግን በሌላ ቋንቋ ነው። «እዚህ የመጣሽው ለማየት ነው። ታማሚ ቢጎዳ የምንጠየቀው እኛ ነን። ሁለተኛ እጅሽ ሰው ከነካ ያየሽው ሰዓት ሁሉ ተሰርዟል፤ ወረቀትሽን አልፈርምም።»

እውነት እንነጋገር ከተባለ ደንቡ ልክ ነበር። ችግሩ እጆቿ ደንብ አልተማሩም። ሰው ባነከሰ ቁጥር ከሰውነቷ ቀድመው ይነሱባታል። ስለዚህ አንድ መላ ዘየደች። እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ የአንገት ሻርፗን አንጓዎቿ ላይ ትጠመጥምና ጫፉን በመዳፏ ትጨብጠዋለች፤ እንደዚያ ሆና ግድግዳውን ተደግፋ ትቆማለች። የተያዘ ሌባ መስላ። ባለሙያዋ አይታ ፈገግ አለች፤ ኃላፊው አይቶ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ እጆቿ ለመዱ፤ ያለ ሻርፑም ዝም ይሉ ጀመር። እሷ ግን ማን ያምናቸዋል ብላ ማሰሯን አልተወችም።

ፈቃዷ ሊያልቅ ሲል ጋሽ ሹፌር እዚያው ክሊኒክ መጡ። ሴት ልጃቸው እጇ ላይ ትንሽ ገንዘብ ሲገባ የሆስፒታሉን ወረፋ ጥለው እንዲታከሙ አምጥታቸዋለች። በምርኩዝ እየተራመዱ ገቡና ግድግዳው ሥር ሲያዩዋት ፊታቸው በራ።

«ረዳቴ! እዚህም ተሳፈርሽ እንዴ?»

«ተሳፈርኩ፣ ጋሼ። እዚህ ግን ተመልካች ነኝ።»

«ተመልካች? ረዳት በር ላይ ቆሞ ሰው ይጭናል እንጂ ምን ያያል?» ብለው ሳቁ። እሷም ሳቀች፣ ነገሩን አላስረዳቻቸውም። ምን ብላ ታስረዳቸው? «አለሁ» ስትላቸው የኖረች ሴት፣ እዚህ የለሁም ትበላቸው?

ባለሙያዋ ጋሽ ሹፌርን ወገባቸው ላይ ቀበቶ አስራ፣ ቀበቶውን ይዛ በብረቶቹ መሀል ታራምዳቸው ጀመር። በደንብ እየሄዱ ነበር። ብረቶቹ ጫፍ ሲደርሱ በክፍሉ ማዶ ትልቁ የጎማ ኳስ ላይ የተቀመጠች አንዲት ሕፃን ተንሸራታ ወደቀችና ጩኸቷን አቀለጠችው። ባለሙያዋ የጋሽ ሹፌርን ቀኝ እጅ ብረቱ ላይ አስያዘች። «ይዘው ይቁሙ፣ አይንቀሳቀሱ፣ መጣሁ» አለችና ሮጠች።

ጋሽ ሹፌር ይዘው ቆሙ። ቀና ሲሉ ፊት ለፊታቸው፣ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው፣ እሷ ቆማለች። ከብረቶቹ ጫፍ ማዶ፣ ልክ ሆስፒታል ትቆም በነበረበት ቦታ።

«ረዳቴ፣ እይኝ እንግዲህ!» አሉ።

ብረቱን ለቀቁት። ማን እንዳስተማራቸው ልንገራችሁ አያስፈልግም። እሷ ፊት ለፊት ከቆመች መልቀቅ ነው፤ ሌላ የሚያውቁት ነገር የላቸውም። ቀኝ እጃቸው እንደ ልማዱ አንጓዋን ፍለጋ ተዘረጋ። አንድ እርምጃ መጡ። ሁለተኛው ላይ ግራ ጉልበታቸው ሲከዳቸው ከማንም በፊት አየችው።

ደርሳ ትይዛቸው ነበር። ይህን ማንም አይከራከርላት፤ እሷም አትከራከርም። ሻርፑን ጨብጣ የያዘችው እሷው ናት፣ መዳፏን ብትከፍት በቃ። እጇ ሊነሳ አለ። ያኔ ውስጧ የሆነ ነገር «ሰዓቱ!» አላት። ወረቀቱ፣ ፊዚክሱ፣ ዘንድሮ ወይም በጭራሽ፣ ሁሉም በዚያች ቅጽበት አንድ ላይ መጥቶ መዳፏን ጨበጠው። «ያዟቸው!» ብላ ጮኸች፤ ለማን እንደጮኸች አታውቅም። ጋሽ ሹፌር የተዘረጋች እጃቸው ባዶውን አየር ይዛ፣ በግራ ዳሌያቸው የሚያበራው ወለል ላይ ወደቁ። ድምፁ ትንሽ ነበር።

ሰው ተሯሯጠ። እሷ ከግድግዳው አልተነቃነቀችም። ጋሽ ሹፌር ከወደቁበት ሆነው ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ግራ የገባው ሰው ፊት ነበር።

«ረዳቴ፣ እጅሽ የት ነበር?» አሏት።

እጆቿ አሁንም ከኋላዋ ሻርፑ ውስጥ ነበሩ።

ኃላፊው ሁሉንም እየጠራ ጠየቀ። ባለሙያዋ እንባዋ እየወረደ ታማሚ ጥላ መሄዷን አመነች። የክሬኗ ተራ ሲደርስ ጥያቄው አንድ ነበር፣ «ነክተሻቸዋል?» «አልነካኋቸውም» አለች። ኃላፊው ከደረቱ እፎይ አለ። ቅጹን ስቦ ሰዓቱን በሙሉ ፈረመላት፤ ከሥሩም ገደቧን ጠንቅቃ የምታውቅ አመልካች ናት ብሎ በራሱ እጅ ጨመረበት። እንዲህ ያለ ምስጋና በሕይወቷ አግኝታ አታውቅም። ስትወጣ በሩ ጋ ተቀምጣ የምታለቅሰውን የጋሽ ሹፌርን ልጅ እንዳላየ ሰው አለፈቻት።

ጋሽ ሹፌር የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሯል። ለእህቷ ነገረቻት። እህቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣች።

«ብትይዣቸው ያባርሩሽ ነበር አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ምን ታደርጊ ነበር?»

«እይዛቸው ነበር» አለችና ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች።

ቃለ መጠይቁ ላይ ሦስት ሰዎች ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። መሀል ያሉት ሴትዮ የክሊኒኩን ወረቀት አንብበው ደስ እንዳላቸው ፊታቸው ያሳብቃል። «ከምልከታው ዋናው የተማርሽው ምንድነው?» ብለው ጠየቋት። ብታወራ የሚወጣው ሁሉ ጋሽ ሹፌር ነበር። ክሬኗ «እጄን መሰብሰብ» ብቻ አለች። ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጎናቸው ያለውም ሰውዬ ነቀነቀ። «ብዙ ሰው ይህንን ለመማር ዓመታት ይፈጅበታል» አሏት። አመስግና ወጣች። ደስታም ኀዘንም አልተሰማት፤ ወገቧን ብቻ አመማት።

የተቀባዮች ስም ሲለጠፍ የእሷ የለም። ሬጅስትራር መስኮት ሄደች። እስክሪብቶ የምታኝከዋ ልጅ የለችም፤ በቦታዋ አንድ መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ተቀምጧል። ፋይሏን አገላበጠና «ቃለ መጠይቁማ ጥሩ ነው። የጣለሽ ፊዚክሱ ነው፤ ገደቡ አልፏል» አላት።

«ሳመለክት እኮ አላለፈም ነበር፣ ወንድሜ!»

«የሚቆጠረው ትምህርት እስከሚጀመርበት ቀን ድረስ ነዋ።»

«እዚሁ ጠይቄ ችግር የለውም ብለውኝ ነበር!»

«ማን?»

ማን ትበለው? ስሟን አላወቀችም። ሰውየው ከልቡ አዘነላት፣ ኮርሱን አድሳ ለሚቀጥለው ዓመት እንድትሞክር መከራት፤ ከዚያ ከኋላዋ ያለውን ተረኛ ጠራ። ከሰልፉ ወጥታ አንድ ጥግ ቆመች። ቢቀበሏት ኖሮ የጋሽ ሹፌርን ዳሌ በሆነ ነገር ትመዝነው ነበር። ለምን አልያዝሽም ብላ ራሷን ስትጠይቅ «ለዚህ» የምትለው ነገር ይኖራት ነበር። አሁን ግን በከንቱ ነው። አዛውንቱ የወደቁት በከንቱ ነው።

ሆስፒታል ተመለሰች። ፎጣው፣ ቁልፉ፣ ኮሪደሩን የሞላው ሰው፣ ሁሉም እንደነበረ ጠበቃት። የተለወጠው እሷ ናት። ሰው ስታነሳ በብብት አትይዝም፤ ያ መቼም ቀርቶላታል። ፊት ለፊት ቆማ እጇን መዘርጋትም ተወች። ጎን ቆማ በቀበቶ ትይዛለች፤ አትናገርም። የጽዳት ሠራተኞቹ «ክሬኗ ዝጋለች» አሉ መጀመሪያ፤ ኋላ ፊቷን አይተው ተዉት።

ከዕለታት አንድ ቀን ባለሙያው ከቀዶ ሕክምና ክፍል የተላከ ታማሚ እንዳለ ነግሯት አልፎ ሄደ። «የመስኮቱ ጥግ አልጋ ላይ ናቸው። የዳሌ ስብራት፣ ብዙ ተኝተዋል። አንሺልኝና ጠርዙ ላይ አስቀምጫቸው፤ ይህችን ጨርሼ እመጣለሁ።»

ጋሽ ሹፌር ነበሩ። ግማሽ ሆነዋል። ፊታቸውን እንደ ጥንቱ ወደ ግድግዳ አዙረዋል። ቀርባ አልጋው ጎን ስትቆም ዞር ብለው አዩዋት፣ ለይተዋታል።

«ጋሼ» አለች። ይቅርታ ልትጠይቅ ነበር የቆመችው፤ ቃሉ አልወጣ አለ። ሳታስበው እጆቿ ተዘረጉና አፏ የለመደውን ተናገረ። «አለሁ።»

ጋሽ ሹፌር የተዘረጉትን እጆች አዩ። ቀኝ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ሥር ቀስ ብሎ ወጣ። እጁ አንጓዋን አልፎ ሄደና የአልጋውን ብረት ያዘ፤ ጥርቅም አድርጎ፣ ጣቶቹ እስኪነጡ ድረስ።

«ሌላ ሰው ካለ ጥሪልኝ፣ ልጄ» አሏት። ድምፃቸው ጨዋ ነበር፣ እንደማያውቁት ሰው ነበር ያናገሯት።

«እሺ፣ ጋሼ» አለች።

ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ቆመች። ደረጃው ድረስ ሰው ሞልቷል፤ ባለሙያው ከውስጥ ከአንዲት ሴት ጋር ነው። ሌላ ሰው አልነበረም።